የእማዬ ጧፍና የቴሌቪዥን ፎም

እማዬ ጧፏን የምታስቀምጠው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው። ድሮ እኛ እንዳንነካው ነበር። እኛ አድገን ወለድን፣ የጧፉ ቦታ ግን አልተቀየረም። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ታዲያ ይጎብጣል። መጀመሪያ ጫፉ ዘንበል ይላል፣ ቀጥሎ ወገቡ ይታጠፋል፣ ፋሲካ አልፎ ዳግም ትንሣኤ ሲደርስ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ቢጫ ነዶ ሆኖ ይገኛል። እሷ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ አንድ በአንድ ታቃናዋለች። «ሙቀቱ ነዋ» ትላለች፣ በቃ።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ። ኮርኒሱ መጀመሪያ አቡጀዲ ነበር፣ ከዚያ የማዳበሪያ ጆንያ፣ አሁን ቺፕውድ። ባሕር ዳርን ለሽርሽር ብቻ የሚያውቅ ሰው «እናንተማ ሐይቅ ዳር ናችሁ፣ ነፋሻ ነው» ይለኛል። ነፋሱ ለመናፈሻዎቹ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ፀሐዩ ነው። ከተማዋ ያለችበት ኬክሮስ ከ11 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ስለሚል ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች፤ አንዴ ሚያዝያ አጋማሽ ገደማ፣ አንዴ ነሐሴ አጋማሽ። የነሐሴዋን ደመና ይሸፍናታል። የሚያዝያዋን የሚሸፍናት የለም።

አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጬ ነው ነገሩ የገባኝ። ጀርባዬ ቀዝቅዟል። አናቴ ግን ይነዳል። ለካ ጥፋተኛው ቤቱ ሳይሆን ቆርቆሮው ነው! ጠራራ ላይ የዋለ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፣ ከሥሩ ያለው ስስ ቺፕውድ ደግሞ ያንን ሙቀት ተቀብሎ ወደ ታች ይለቀዋል። እጅህን ወደ ኮርኒሱ ከፍ ብታደርግ ምጣድ ላይ የዘረጋኸው ነው የሚመስልህ። ግድግዳው ያጠራቀመውን የሌሊት ቅዝቃዜ ይዞ ከላይ ከሚመጣው ጋር ይታገላል፣ አመሻሽ ላይ እሱም ይሸነፋል።

በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥን ገዛን። ካርቶኑ ውስጥ ከመጣው ነጭ ፎም አንዱን መሬት ላይ ጥዬ ተቀመጥኩበት። ትንሽ ቆይቶ መቀመጫዬ ሞቀኝ። ፎሙ ከየትም ያመጣው ሙቀት የለም፣ የራሴን ነው የመለሰልኝ፤ ሊሾው ቢሆን ኖሮ ይወስድብኝ ነበር። እንግዲህ ወደ ታች እንዳይወጣ የከለከለኝን ወደ ላይ ብሰቅለው ከቆርቆሮው የሚመጣውንስ አይከለክልም ወይ ብዬ ሐሳብ ገባኝ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ይህ ነጭ ፎም፣ በሳይንሱ ስም የተነፋ ፖሊስታይሪን፣ ቢ ኤ ኤስ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ስታይሮፖር ብሎ ካወጣው ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለቤት ሽፋን ያገለግላል። ሲጀመር እንደ ስኳር ያለ ጥቃቅን ፍሬ ነው። ፍሬው ውስጥ ሲሞቅ ጋዝ የሚሆን ፔንቴን የሚባል ነገር አለ። በእንፋሎት ሲመቱት እንደ ፈንዲሻ ይነፋል፣ ከዚያ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምሮ እንደገና እንፋሎት ሲያገኝ ፍሬዎቹ ተያይዘው አንድ ይሆናሉ። አልቆ ሲወጣ 98 በመቶ ያህሉ አየር ነው። ሙቀቱን የሚከለክለው ፕላስቲኩ እንዳይመስላችሁ። አየሩ ነው። መላወሻ ያጣ አየር ሙቀት ተሸክሞ መሄድ አይችልም። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ፎም ሙቀት በመከልከል ከግማሽ ሜትር የጭቃ ግድግዳ ይበልጣል።

ለጣና ሰው ይህ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ደንገል ቆርጦ የሰበረ ሰው ያውቀዋል። ልጣጩ ጠንካራ፣ ሆዱ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በአየር የተሞላ። ታንኳው የሚንሳፈፈው በዚያ ሆድ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለማቋረጥ ሲነሳ ደንገሉን ያስቆረጠው ከጣና ነው። ያ የመጀመሪያው ጀልባ ማዶው ሳይደርስ ተበተነ። ቢሆንም የኛ ደንገል ውቅያኖስ ላይ ሳምንታት ተንሳፍፏል። ይኼን ለአናጢው ስነግረው «ታዲያ ኮርኒስህን በደንገል አትሠራውም?» አለኝ። ቀልዱን ነበር፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ደንገል ይበሰብሳል፣ ታንኳም ቢሆን በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ አይበረክትም። ፎም አይበሰብስም። ጥቅሙም ጣጣውም እዚህ ላይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሱቅ ሄጄ «ፎም አለህ?» ብል ልጁ ፍራሽ አወጣልኝ። የፍራሹ ስፖንጅ ሌላ ነው። እሱ ቀዳዳው እርስ በርስ የተያያዘ ስለሆነ አየርም ውሃም ያሳልፋል። ነጩ ግን እያንዳንዱ ፍሬ የተዘጋ ነው። ልዩነቱን ለማስረዳት ስታገል ልጁ «አሃ፣ የፍሪጅ ካርቶኑን ነው የምትፈልገው?» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። የቴሌቪዥን፣ የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ፎም ተቆልሏል። «ና ውሰድልን፣ የሚያነሳው አጥተን ነው» አለኝ። ነጻ!

ችግሩ መጓጓዣው ነበር። ፎም ክብደት የለውም፣ ቦታ ግን ይፈጃል። ባጃጅ ተከራየሁ። ልጁ ከኋላም ከጎንም በገመድ አሰረው፣ ባጃጁ እንደ ተነፋ በግ ሆነ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲመታን አንዱ ትልቁ ፎም ከገመዱ ተመዝዞ በድልድዩ መከታ ላይ ዘሎ ዓባይ ውስጥ ገባ። ቆመን አየነው። ነጭ ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣ እየዞረ ይሄዳል። የባጃጁ ነጂ «ጢስ ዓባይ ላይ ትቀበለዋለህ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ደስ አላለኝም። እምቦጩ ያስጨነቀው ሐይቅና ወንዝ ላይ እኔ ደግሞ መቶ ዓመት የማይበሰብስ ነገር ጨምሬለት መጣሁ።

ከዚያ የማስቲሹ ነገር መጣ። ፎሞቹን እርስ በርስ ላጣብቅ ብዬ ማስቲሽ ገዛሁ። ጫማ የሚያጣብቅ ፎም እንዴት ያቅተዋል? ቀባሁት። ፎሙ እንደ መፍላት ብሎ ሸሸ፤ እጄ ላይ እያየሁት ጎደጎደ፣ ቀለጠ፣ የሚያጣብቅ ንፍጥ ሆነ። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፖሊስታይሪንን ያሟሟዋል። ቤንዚንም እንዲሁ ነው፣ የቀለም ማቅጠኛም እንዲሁ። በውሃ የሚሠራው ነጩ ኮላ ግን ምንም አያደርገውም። ሦስት ጥሩ ፎም ካበላሸሁ በኋላ ነው ይኼን ያወቅሁት።

መቁረጡም ጥበብ አለው። በተራ ቢላዋ ብትቆርጠው ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው ደግሞ ከልብስህ፣ ከፀጉርህ፣ ከቅንድብህ ላይ አይወርድም፤ ስታራግፈው ይመለሳል። የቢላዋውን ስለት ሻማ እየቀቡ መቁረጥ ፍርፋሪውን በጣም ይቀንሰዋል። በጋለ ሽቦ የሚቆርጡም አሉ፣ ንጹሕ ነው የሚወጣው፣ ጭሱ ግን የሚማግ ስላልሆነ ደጅ ላይ ብቻ። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ግቢ ውስጥ በተራ ቢላዋ ቆረጥኩ። የእማዬ ዶሮዎች ጥሬ የተበተነላቸው መስሏቸው ተረባረቡበት። «አንተ ልጅ፣ ዶሮዎቼን ፕላስቲክ አበላህብኝ!» ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ጆንያ ተዘርግቶ ሆነ።

አገጣጠሙን አናጢው ነው ያሳመረው። ኮርኒሱ ላይ በሞራሌዎቹ መካከል ፎሙን ልክ በልክ እያስገባ ደረደረው። የካርቶን ፎም ቅርጹ ስለማይመች ሁለት ሁለት አድርገን ክፍተቱን በቁርጥራጭ ሞላነው። ፎሙን ቆርቆሮው ላይ አላጣበቅነውም። በመካከል አንድ ስንዝር ያህል ተውን፣ በቤቱ ሁለት ጫፍ ደግሞ አየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳ አወጣን። ምክንያቱም ፎም 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ከጋለ ቆርቆሮ ጋር ሲነካካ መዋል የለበትም። ደግሞም በክፍተቱ የሚያልፈው አየር ከሙቀቱ ቀላል የማይባለውን ይዞት ይወጣል። ሌሊት ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ላብ ያወጣል፣ ያንንም አየሩ ያደርቀዋል። ቀዳዳዎቹ ላይ የወንፊት ሽቦ መታንበት። ያለ ሽቦ ብትተወው አይጥም የሌሊት ወፍም ግብዣ ነው የሚመስላቸው። ፎም ለአይጥ ምግብ አይሆንም፣ ቤት ግን ይሆናል፤ ቦርቡራ ትገባና ልጆቿን ታሳድግበታለች። ምስጥም ያልፈዋል።

የመብራቱን መስመር በተመለከተ መጀመሪያ የመጣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ምንም አይልም፣ ሽቦው ፎሙ ላይ ይረፍ» ብሎኝ ነበር። ስህተት ነው። የሽቦው ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ቅመም ከፎም ጋር ተነካክቶ ሲቆይ ወደ ፎሙ ይፈልሳል። ፎሙ ይቀልጣል፣ የሽቦው ልባስ ደግሞ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ይኼ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ኮርኒስ ውስጥ ማን ያየዋል? ስለዚህ መስመሩን በሙሉ ቱቦ ውስጥ አስገባነው። የሚግል አምፖልም ፎም ውስጥ አይቀበርም።

አሁን እሳቱ። ይኼን ሳይሰሙ ፎም የሚሰቅሉ ሰዎች ስላሉ ትንሽ ልቆይበት። ከጓሮ ድንጋይ ላይ ቁራጭ አስቀምጬ ክብሪት አስጠጋሁት። መጀመሪያ ይሸሻል፣ ይኮማተራል። ከዚያ ይያያዛል። የሚነደው እየተንጠባጠበ ነው፣ ጭሱ ጥቁር ነው፣ ጥላሸቱ እንደ ክር በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ለሕንፃ ተብሎ የሚመረተው ፎም እሳት የሚያዘገይ ቅመም ሊኖረው ይችላል። ድሮ በብዛት ይጨመር የነበረው ኤች ቢ ሲ ዲ የተባለው ቅመም ለአካባቢና ለጤና ጎጂ ሆኖ ስለተገኘ እ.ኤ.አ. በ2013 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገድ ተወስኖበታል፣ በሌላ ተተክቷል። የካርቶን ፎም ግን የተሠራው ቴሌቪዥን እንዳይሰበር ነው እንጂ ቤት እንዳይቃጠል አይደለም። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 በግሬንፌል ሕንፃ 72 ሰው የሞተበት እሳት ዋናው መንገዱ መሃሉ ፕላስቲክ የሆነ የውጭ ልባስ ነበር፣ ከልባሱ ኋላም የፕላስቲክ ፎም ነበር። የፎሙ ዓይነት ከኛው ይለያል። ፎም ያለ ልብስ ራቁቱን አይሰቀልም የሚለው ግን ለሁሉም ይሠራል።

ስለዚህ የእማዬን ክፍል ቺፕውድ አንስቼ በጂፕሰም ቦርድ ቀየርኩት። ጂፕሰም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው፣ እሳት ሲነካው መጀመሪያ ያ ውሃ እስኪተን ድረስ ጊዜ ይገዛል። ማድ ቤቱ ላይ ደግሞ አንድም ፎም አልወጣም። እንጨት የሚነድበት፣ ከሰል የሚርመጠመጥበት ቤት ላይ ፎም መስቀል እብደት ነው።

ታዲያ ሠራ? ሙቀቱን በተመለከተ፣ አዎ። ከሰዓት በኋላ ከሳሎን ወደ እማዬ ክፍል ስትገባ ልዩነቱን ቆዳህ ያውቀዋል። ሳሎኑን ሆን ብዬ ሳልሠራ ነው የተውኩት። እውነት ለመናገር ፎሙም ስላለቀብኝ ነው።

ዝናቡን በተመለከተ ግን አፈርኩ። «ክረምት ሲገባ ጫጫታው ይቀንስልሻል» ብዬ ለእማዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ሁለታችንም እየተጯጯህን ነው ያወራነው። ኋላ ነው የገባኝ። ድምፅ የሚቆመው ወይ በክብደት ነው፣ ወይ እንደ ጥጥና እንደ ጭድ ባለ አየር በሚያስገባ ለስላሳ ነገር። ፎም ሁለቱንም የለውም፣ አየሩ የተዘጋ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ በኪዩቢክ ሜትር ከ15 እስከ 30 ኪሎ ግራም ነው። ትንሽ የቀነሰው ጂፕሰሙ ነው። እማዬ «ድሮ በሣር ክዳን እያለን ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ደጅ ስንወጣ ነበር» አለች። ልክ ነች። ዘጌ ሄዶ በሣር የተከደነ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመ ሰው ያንን ዝምታ ያውቀዋል። ቅዝቃዜውንም።

ሥራውን ያየ አማቼ አሁን ደግሞ «ለምን ግድግዳውንም በፎም አልሠራም?» ብሎ ተነስቷል። እንዲህ ዓይነት አሠራር አለ። መሃል ፎም፣ ግራና ቀኝ የሽቦ መረብ፣ በላዩ ሲሚንቶ ተረጭቶ ይለሰናል። ፈጣን ነው፣ ቀላልም ነው። እኛ ሰፈር ዋልካ አፈር ስለሆነ፣ ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ቀላል ቤት መሠረቱን አያስጨንቀውም የሚለውን አልክድም። ኖርዌዮች እ.ኤ.አ. በ1972 ኦስሎ አጠገብ ድልድይ ዳር እየሰመጠ ያስቸገራቸውን መንገድ አፈሩን አውጥተው በፎም ብሎክ ሞልተውታል፣ መኪና ዛሬም በፎም ላይ በተሠራ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ አቅም የለውም ማለቴ አይደለም።

ግን ለባሕር ዳር ግድግዳ? እኔ እንጃ። እዚህ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይማ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን ሙቀቱን ይውጥና ሌሊት ይተፋዋል፣ ሌሊት ቅዝቃዜውን ያጠራቅምና ቀን ያበላሃል። ፎም ይከለክላል እንጂ አያጠራቅምም። ያለህን ጥሩ ግድግዳ አፍርሰህ በሱ መተካት፣ የሚያለብስህን ጋቢ ሸጠህ ጃንጥላ እንደ መግዛት ነው። ደግሞ ልስኑን የሚረጨው መሣሪያና የለመደ ባለሙያ ከየት ይመጣል? በእጅ ተለስኖ ስንጥቅ ከወጣለት ውሃ ይገባዋል፣ ሽቦው ይዝጋል። አማቼ አልተዋጠለትም። «አንተ ለኮርኒስህ ሲሆን ሊቅ፣ ለኔ ግድግዳ ሲሆን ተቺ» አለኝ። ይሠራዋል መሰለኝ። ከሠራው ደግሞ ሄጄ አየዋለሁ።

ዘንድሮ ሚያዝያ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለው ጧፍ አልጎበጠም። እማዬ አውርዳ አየችውና «ይኼ ጧፍ ሰም አይደለም፣ ምን ቀላቅለውበት ነው?» አለች። ለማሳመን አንዱን ሳሎን ወስጄ ቁም ነገር አስመስዬ ኮርኒሱ አጠገብ ሰቀልኩት። በሁለተኛው ቀን ሰገደ። እሷ ግን አሁንም የጧፉን ሻጭ ነው የምትጠረጥረው።

የቀረኝ አንድ ነገር ፍርፋሪው ነው። ተጠርጎ፣ ተለቅሞ አንድ ሙሉ ጆንያ ሆኗል፤ ሁለት ኪሎ እንኳ አይመዝንም። ማቃጠል አይሆንም። ቆሻሻ ላይ ብጥለው በመጀመሪያው ዝናብ ቦዩን ይዞ ወንዙ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓሣ የሚያመጣልን ሰውዬ አየውና «ለመረብ ተንሳፋፊ ይሆነኛል፣ በከረጢት እቋጥረዋለሁ፣ ስጠኝ» አለ። መረቡ ላይ ያሰራቸው የነጠላ ጫማ ቁራጮች አርጅተውበታል። ልሰጠው ፈልጌ ከረጢቱ ሲቀደድ ታየኝና «ቆይ፣ ላስብበት» አልኩት። ይኸው ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፣ በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል።